እሜት አይጢት

እንደ ሌላው ቀን ሆኖ ያለፈው የመጨረሻው ቀን እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ የቅዳሜውን ፓስታ አሙቀን በልተን፣ እኔና ወንድሜ ብሩክ ልብስ ልናጥብ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። የእሑድ ሥራችን ነው። እኔ ቅርጫቱን እሸከማለሁ። እሱ ሳሙናውንና የእጅ ጌሙን ይይዛል። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ እሱ አሥራ ሰባት።

ኤሊቬተር ውስጥ ሰዎች ያዩናል። ትልቁ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ትንሹ ልብሱ ፊቱን ሸፍኖት። ብሩክ እንደሚያዩን ያውቃል። ስለዚህ ሆን ብሎ ደረቱን ይነፋና በአማርኛ፣ «ቀና በል አንተ ልጅ፤ ጌታህን አታሳፍር» ይለኛል። እኔ እስቃለሁ፤ ቅርጫቱ ይነቃነቃል፤ ካልሲ ይወድቃል። ካልሲውን ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው እሱ ነው። ቀና ሲል ግድግዳውን ይዞ ትንሽ ይተነፍሳል።

ያን ቀን የወደቀው የአባዬ ካልሲ ነበር፤ ግራጫው። ይህን ለምን እንደማስታውስ አላውቅም።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ባለፈው ወር ድሮ ወደኖርንበት ሰፈር፣ ወደ ክሬሰንት ታውን፣ ስለሄድኩ ነው። የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ከሳብዌይ ወጥቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ በድሮው ሕንፃችን ጀርባ ሳልፍ ከግድግዳው ቀዳዳ የድራየር፣ የልብስ ማድረቂያው፣ አየር መጣብኝ። ሙቅ ነው፤ ትንሽ እርጥበት አለው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ውጭው ብርድ ነበር። እዚያው ቆምኩ። አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ አለፈች፤ ስትመለስም እዚያው ነበርኩ። ወንድሜን የማውቀው እዚያ ሽታ ውስጥ ነው። ከአንድ መስከረም እስከ መጋቢት። ሌላ ጊዜ አልነበረንም።

ብሩክ የሚባል ወንድም እንዳለኝ ሁልጊዜ አውቅ ነበር፤ ግን ስልክ ውስጥ ነበር። እናትና አባቴ ወደ ካናዳ ሲመጡ የእሱ ወረቀት ስላላለቀ አዲስ አበባ አያታችን ጋ ቀረ። ከዚያ እኔ እዚህ ተወለድኩ። በየሳምንቱ ስልኩን ይሰጡኛል፤ «ወንድምህን ሰላም በለው» ይሉኛል። «ሃይ» እላለሁ። እሱ «ደህና ነህ ወንድሜ?» ይላል። «ጉድ» ብዬ ስልኩን እመልሳለሁ። ወንድማማችነታችን ይኸው ነበር።

ሊመጣ ነው ሲባል ደስ አለኝ። ትልቅ ወንድም ምን እንደሚሠራ ከትምህርት ቤት ልጆች አይቻለሁ። ቅርጫት ኳስ ያስተምራል። የሚያስፈራሩህን ያስፈራራል። ኤርፖርት በሩን አልፎ የመጣው ግን ትልቅ ጃኬት ውስጥ የጠፋ ቀጭን ልጅ ነው። አባዬ ሻንጣውን ተቀበለው። እማዬ አቅፋው አልለቅ አለች። እኔ ኳሴን ይዤ ቆሜያለሁ። አዎ፣ ኳስ ይዤ ነበር የሄድኩት።

ልጅ እያለ ቶንሲል ታሞ፣ ሕመሙ ልቡን እንደጎዳው ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ቶንሲል ጉሮሮ ውስጥ እንደሆነ ተምሬያለሁ፤ ልብ ደግሞ ወዲህ ነው። ትልልቆቹ ተሳስተዋል ብዬ ደመደምኩ። በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ እሱንም አገሩ አዲስ የገባ ሰው ሁሉ የሚወጋው መሰለኝ። መርፌው ሲያልቅ ዜጋ ይሆናል ብዬ እጠብቅ ነበር። በሦስት ትራስ ተደግፎ፣ ቁጭ እንዳለ ነው የሚተኛው። አዲስ አበባ ሰው እንዲህ ይተኛል ብዬ እኔም ለአንድ ሳምንት ሞከርኩት። አንገቴ ተጣመመ።

ጌሙ የኔ ነበር። እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የእጅ ጌም ነው። ሞንስተር ትሰበስባለህ። በመንደርና በጫካ ትዞራለህ፤ ከሣር ውስጥ ይወጡብሃል፤ መረብ ጥለህ ትይዛቸዋለህ፤ ታሳድጋቸዋለህ፤ ታዋጋቸዋለህ። ዘንዶ አለ። መብረቅ የሚያጓራ በሬ አለ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ገና ከመጀመሪያው መንደር ሳትወጣ የምታገኛት አይጥ ናት። ኒብሪት ትባላለች። አመድማ ናት፤ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ነጭ፤ ሁለት ጥርስ ወደ ፊት ወጥቷል። ሰው ሁሉ መረብ መጣል የሚለማመደው በእሷ ነው። ከዚያ ይለቃታል። እኔ ብቻ ሃያ ሳልለቅ አልቀርም።

ብሩክ መጫወት በጀመረ በመጀመሪያው ቀን ያዛት። ልለቅለት እጄን ዘረጋሁ፤ ጌሙን ወደ ደረቱ ሳበው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልቀቃት። ዊክ ናት።»

«ማን አለ?»

«ኤቭሪባዲ።»

«እኔ ደግሞ ኤቭሪባዲን አላውቀውም። መጀመሪያ የመጣችልኝ እሷ ናት። ሌላው ገና የት አለ?»

ስም ስጣት ይላል ጌሙ። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ቦታው ጠባብ ነው። «አይጢት» ብሎ ጻፈላት። «እሜት የሚለውን በአፋችን እንጨምርላታለን» አለኝ። «ትልቅ ሰው ናት፤ በደረቅ ስሟ አትጠራም።» እሜት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። በተረት ውስጥ የእንስሳት ወይዘሮ እንደሆነች ያስረዳኝ ያን ቀን ነው።

ያኔ እኔ በአማርኛ ሲጠይቁኝ በእንግሊዝኛ ነው የምመልሰው። እማዬ ስትለምን፣ አባዬ ሲቆጣ ኖረዋል። ብሩክ አልለመነም፤ አልተቆጣም። «እሜት አይጢት እንግሊዝኛ አትሰማም» አለኝ፤ አለቀ። ጌሙን መያዝ የምችለው በአማርኛ ካዘዝኳት ብቻ ነው። «ንከሺው!» «ዞር በይ!» «በርቺ እንጂ!» እያልኩ ነው የተማርኩት። አንድ ቀን እማዬን እራት ላይ «ውኃ አቀብዪኝ» አልኳት። ሹካዋን አስቀምጣ አየችኝ። ብሩክ ሳህኑን እያየ ፈገግ አለ።

አይጢት አንድ ነገር ነበራት። ጤናዋ ሙሉ ሆኖ የቱንም ያህል ከባድ ዱላ ቢያርፍባት አትወድቅም። አንዲት ነጥብ ይዛ ትቀራለች። ይህ የሚሆነው በአንድ ውጊያ አንዴ ብቻ ነው። በዚያች አንድ ነጥብ ላይ ሆና ስትነክስ ግን ንክሻዋ ከማንም ይበረታል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ አሳድጌያት አላውቅማ። ብሩክ ያገኘው ታግሶ ስላሳደጋት ነው።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ስድስት ማጠቢያና ስድስት ድራየር አለ። መስኮት የለውም። ብሩክ ጥግ ያለው ድራየር አጠገብ መሬት ይቀመጥና ጀርባውን ያስደግፋል። «ያፍታታኛል» ይላል። የበረዶውን ክረምት ሁሉ እንዲያ ነው የተቀመጥነው፤ ጀርባችን ሙቅ፣ ቂጣችን ብርድ። የጌሙ ቻርጀር አሮጌ ነው፤ ገመዱ መጋጠሚያው ላይ ታጥፎ ካልተያዘ አይሠራም። እሱ ይጫወታል፤ እኔ በሁለት ጣቴ ገመዱን አጥፌ እይዛለሁ። ሲሠራ ትንሿ መብራት ብርቱካንማ ትሆናለች። ቻርጁ ሊያልቅ ሲል ቀይ።

አንድ እሑድ ራፊ ወረደ። ስድስተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ቤተሰቦቹ ከባንግላዴሽ የመጡ፣ የክፍሌ ልጅ ነው። ዘንዶ አለው። ዘንዶው ማንንም አሸንፏል፤ የኔን በሬም ሁለት ጊዜ። ሁለቱን ጌሞች አያያዝናቸው። የብሩክ አይጥ ብቅ ስትል ራፊ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ይሄ አይጥ ነው? እናቴ ብታየው የሕንፃውን ሱፐርኢንተንደንት ትጠራለች!» አለ በእንግሊዝኛ።

ብሩክ ነገሩ ገብቶታል፤ እንግሊዝኛው ግን ቶሎ አልመጣለትም። «ንገረው» አለኝ፣ «እሜት አይጢት ኪራይ ትከፍላለች በለው።»

ነገርኩት። ራፊ ዘንዶውን አዘዘ። እሳቱ ስክሪኑን ሞላው። የአይጢት ጤና ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። አንድ ላይ ቆመ።

«ዋት?» አለ ራፊ።

«አሁን ንከሺው» አለ ብሩክ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሰው እንደሚናገር።

ዘንዶው ወደቀ። ራፊ ብድግ አለ። «አጭበርብራችኋል! መሞት ነበረባት እኮ! ሁሉም ሰው ይወድቃል!» ብሩክ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ አልቆም አለ፤ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ቀና ሲል ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ራፊ ሁልጊዜ ሰማያዊ ከረሜላ ይይዛል። ለብሩክ ሰጥቶት፣ ብሩክም ሳያካፍለኝ የበላ መሰለኝ። እስከ ማግስቱ ተቀየምኩት። ምን እንዳስቀየመኝም አልነገርኩትም። እሱ ሲለማመጠኝ ዋለ።

ወደ ጋሽ መርዕድ ልምጣ።

ጋሽ መርዕድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ትልቅ ሰው፣ ትልቅ ጥቁር ባርኔጣ፣ ትልቅ ድምፅ። ልጆች ኮሪደር ላይ ሲሮጡ አይቆጡም፤ ቆመው ያያሉ ብቻ፤ ልጆቹም መሮጥ ያቆማሉ። እኔ እፈራቸው ነበር። አንድ እሑድ ጸሎት ላይ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አዳራሹ ፀጥ ብሎ ሳለ ከኪሴ ውስጥ ድምፅ ወጣ። አይጢት ስታሸንፍ የሚሰማው ሙዚቃ ነው፤ ቲ-ሪ-ሪ-ሪም። ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም ነበር። ጋሽ መርዕድ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። አንዱን ብቻ። አዩኝ።

ብሩክ አጠገቤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነው። ለጸሎት ያለቀሰ መስሎ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ከአዳራሹ ስንወጣ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች አሉ! ሽማግሌው ፊት? ጸሎት ላይ?» ጌሙን ተቀበለችኝና ከፈተችው። አይጢት ጥርሷን አውጥታ ታያታለች። «ይሄንን ነው ቀኑን ሙሉ ስታቅፉ የምትውሉት? ጭራቅ?»

«ጭራቅ አይደለችም፤ እሜት አይጢት ናት» አልኩ። በአማርኛ። አልጠቀመኝም።

ከዚያ እማዬ ጋሽ መርዕድ ጋ ሄደች። እኔ የሁሉንም ጃኬት ታቅፌ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ታወራቸዋለች። ጌሙ እጇ ላይ ነው። ወደኔ ታያለች፤ ወደ ብሩክም ታያለች፤ እሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። መሐረብ አወጣች። ጋሽ መርዕድ እኛን ረጅም ጊዜ አዩን። ከዚያ በትልቁ ድምፃቸው፣ «አይዞሽ ልጄ፤ አንድ ቀን ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤት ድረስ እንመጣለን» አሏት።

ጌሙን ሊወስዱት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ምን ሌላ ሊሆን ይችላል? ሽማግሌ ሁሉ ተሰብስቦ ቤት ድረስ የሚመጣው ለትልቅ ጥፋት ነው። ለብሩክ ስነግረው በጣም ሳቀ።

«በኤሊቬተር ሲወጡ እሜት አይጢት በደረጃ ትወርዳለች፤ ምን አስጨነቀህ?»

«እውነቴን ነው!»

«እኔም እውነቴን ነው። ደረጃው ለምን ተሠራ?» አለኝ።

እማዬ ጌሙን መለሰችልን፤ ግን ቤተ ክርስቲያን እንዳይመጣ ብላ። እኔ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ በመስኮት ወደ ፓርኪንጉ አያለሁ። ባርኔጣ የለም። እፎይ እላለሁ።

ያ እሑድ፣ የመጨረሻው፣ ብሩክ ወደ ተራራው ጫፍ የደረሰበት ነው። ጫፉ ላይ የመጨረሻው አለቃ አለ፤ ድንጋይ የለበሰ ግዙፍ ኤሊ። እኔ አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም። ውጊያ መሃል ሴቭ ማድረግ፣ የደረስክበትን ማስቀመጥ፣ አይቻልም፤ ብታጠፋው ሁሉም ይጠፋል። ብሩክ ከተራራው ግርጌ ጀምሮ ሴቭ አላደረገም ነበር፤ ቸኩሏል። አንድ በአንድ ወደቁበት። በሬው ወደቀ። ወፏ ወደቀች። ድራየራችን ጮሆ ሲቆም የቀረችው አይጢት ብቻ ነበረች። ልብሱን እያጠፍኩ በትከሻው ላይ አያለሁ። ኤሊው ረገጣት። ወረደች፣ ወረደች፤ አንድ ላይ ቆመች።

የኤሊው ጤና ደግሞ ከግማሽ በታች ነው። አንድ ንክሻ። አንድ ንክሻ ይበቃዋል፤ ሁለታችንም አውቀናል።

«በል እንጂ!» አልኩት።

አልነከሰም። ጌሙን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጀርባውን ድራየሩ ላይ አስደገፈ። ድራየሩ እየቀዘቀዘ ነው። በአፉ ነው የሚተነፍሰው።

«ቤት ሆኜ እጨርሰዋለሁ» አለ። «አሁን ጣቴ አልታዘዝ አለኝ።»

ቤት ስንገባ እማዬ አንዴ አይታው አባዬን ጠራችው። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ያን ክረምት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል፤ አንዴም ጄሎ የሚሉትን የሆስፒታል ጣፋጭ ይዞልኝ መጥቷል። አባዬ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። እማዬ ከኔ ጋ ቀረች። ብሩክ በሩ ላይ ጫማውን ሲያደርግ እኔ ጎንበስ ብዬ ገመዱን አሰርኩለት። ጌሙን፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ናቲ፣ ስማኝ። አታጥፋው። አትክፈተው። ክዳኑ ተዘግቶ ቻርጅ ካለው ሳምንትም ይቆያል። ገመዱን እጠፍና ከአልጋው እግር ጋር በላስቲክ እሰረው። ተራዬ ነው፤ መጥቼ እጨርሳለሁ።»

«ኦኬ።»

«እሜት አይጢት ኦኬ አትሰማም።»

«እሺ» አልኩት።

ኤሊቬተሩ መጣ። በሩ ሲዘጋ ደረቱን ነፍቶ ቆመ፤ ለኔ ብሎ ነው። ከዚያ ተዘጋ።

ገመዱን አጥፌ አሰርኩ። መብራቷ ብርቱካንማ ስትሆን አይቼ ተኛሁ።

ስነሳ ገና አልነጋም፤ ሰማዩ ግን ግራጫ መሆን ጀምሯል። ከወጥ ቤት የእማዬ ድምፅ ይሰማል። ከአባዬ ጋር በስልክ ናት። «ተኝቷል? … እሺ። እሺ፣ አትቀስቅሰው። ሾርባ ሠርቼ እመጣለሁ።» ድስት አወጣች። ደስ ብሏት ነበር፤ ታንጎራጉራለች።

አልጋዬ ሥር አየሁ። ላስቲኩ ተንሸራትቷል። ገመዱ ቀጥ ብሏል። መብራቷ ቀይ ናት።

ገመዱን ልይዝ ጎንበስ ስል፣ እንደ ልማዴ፣ በመስኮት አየሁ። ከዘጠነኛ ፎቅ ሰው ትንሽ ነው። ፓርኪንጉ ላይ፣ በረዶው ጥግ፣ ሰዎች ቆመዋል። ስምንት፣ ዘጠኝ ይሆናሉ። ሞተር ጠፍቷል፤ ማንም አያወራም፤ የቀሩትን የሚጠብቁ ይመስላሉ። መሃላቸው ትልቅ ጥቁር ባርኔጣ አለ።

እኔ አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፤ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። እናት ብቻዋን ሆና አትሰማም። አባቴ ከሆስፒታል መጀመሪያ የደወለው ለጋሽ መርዕድ ነው፤ እሳቸው ሰው ሰበሰቡ፤ እሱ እማዬን «ተኝቷል» እያለ አቆያት። ያን ጠዋት ግን ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እንመጣለን ብለው ነበር። መጡ።

ጌሙን ከገመዱ ነቅዬ በፒጃማ፣ በባዶ እግሬ ወጣሁ። እማዬ አላየችኝም፤ ቧንቧው እየፈሰሰ ነው። እነሱ በኤሊቬተር ይወጣሉ፤ እኔ በደረጃ ወረድኩ። ዘጠኝ ፎቅ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ክፍት ነበር። ጥግ ካለው ድራየር አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ነው። ማንም አላሠራውም።

ጌሙን ፒጃማዬ ውስጥ ከትቼ ያዝኩት። ተሳክቶልኝ ነበር። ብሩክ ሲመጣ እንዴት እንደምነግረው አሰብኩ፤ ስለ ደረጃው፣ ስለ ባርኔጣው። እስኪስቅ ድረስ። ከዚያ መብራቷን አየሁ። ቀይዋ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምራለች። ይህ ማለት ትንሽ ደቂቃ ቀርቷታል ማለት ነው። ቻርጀሩ ያለው ላይ ነው፤ ዘጠነኛ ፎቅ።

እዚህ ብቆይ ቻርጁ ያልቃል፤ ተራራውም፣ ኤሊውም፣ አንዷ ነጥብም ይጠፋል። ወደ ላይ ብወጣ ጋሽ መርዕድ ይወስዱታል። ብዙ ያሰብኩ ይመስለኛል፤ ግን ብዙ ሊሆን አይችልም፤ ጊዜ አልነበረማ። ለምኜ ላስረዳቸው ወሰንኩ። ኤሊቬተሩን ጠራሁ።

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት የእማዬን ድምፅ ሰማሁ። የእሷ መሆኑን መጀመሪያ አላወቅኩም። የጎረቤት በሮች ተከፍተዋል። የኛ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደፉ ላይ የበረዶ ጫማ ተከምሯል። እማዬ መሬት ላይ ናት፤ ሁለት ሴቶች ከኋላ አቅፈዋታል። ከወጥ ቤት ሽንኩርት ማረር ጀምሯል። ስለ ጌሙ የተቆጧት መሰለኝ። በኔ ምክንያት።

ጋሽ መርዕድ ግድግዳው አጠገብ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ያለ ባርኔጣ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ራሳቸው ላይ ጥቂት ነጭ ጸጉር ብቻ ነው ያለው። ፊታቸው እርጥብ ነው። ሄድኩና ጌሙን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

«ይኸው። ይውሰዱት» አልኩ። «እማዬን ግን አይቆጧት። የኔ ነው። ደግሞ አያጥፉት፤ እባክዎ። ሴቭ አልተደረገም። ብሩክ መጥቶ እስኪጨርስ ብቻ።»

ጌሙን አዩ። እኔን አዩ። እግሬን አዩ፤ ባዶውን።

«እኔ ይሄን ልወስድ የመጣሁ መስሎህ ነው የሄድከው?» አሉኝ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ትልቁ ድምፃቸው የለም። ተንበረከኩ፤ እየከበዳቸው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፤ ፊታቸው ከፊቴ እኩል ሆነ። «ናቲ ልጄ» አሉኝ። «ወንድምህ ሌሊት ዐረፈ። ወደ ጌታ ሄደ። አባትህ አብሮት ነበር፤ እጁን ይዞት ነበር።»

ሰማሁ። ቃሉ ሁሉ ገብቶኛል። ግን ያልኩት፣ «ቻርጁ ሊያልቅ ነው» ነው።

«ምኑ?»

ቀይዋን መብራት አሳየኋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ያቅፈኝ ነበር፤ ዝም በል ይለኝ ነበር። ጋሽ መርዕድ ተነሱ። «ገመዱ የት ነው?» አሉ። ክፍላችን ገባን። ሦስቱ ትራሶች እንደተደረደሩ ናቸው። አልጋው ሥር ገመዱ ርቆ ሄዷል፤ እኔ ሳልደርስበት እሳቸው በሙሉ ልብሳቸው መሬት ተኝተው ክንዳቸውን ዘርግተው ሳቡት። ሰካሁት። አልበራም።

«ታጥፎ ካልተያዘ አይሠራም» አልኳቸው። «እንዲህ።»

በወፍራም ጣቶቻቸው ያዙት። አልሆነም። «ትንሽ ወደ ላይ» አልኩ። ትንሽ ወደ ላይ አደረጉት። ብርቱካንማ ሆነች። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ለቀቅን።

እንዲያ ተቀመጥን፤ እሳቸው ገመዱን ይዘው፣ እኔ ጌሙን ይዤ። ጣታቸው ሸርተት ሲል መብራቷ ትቀላለች፤ ገመዱን መልሰው ወደ ላይ ያደርጉታል። ከሳሎን የእማዬ ድምፅ ይመጣል። ትንሽ ቆይተው፣ «ከፍተን እንየው?» አሉኝ።

«አይከፈትም። ተራው የብሩክ ነው።»

ገመዱን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

አንዲት ሴት በሩ ላይ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እናትየዋ ተዳከመች፤ ይምጡ፣ እንጸልይ» አለች። ጋሽ መርዕድ እጃቸውን አላነሱም። እኔን አዩኝ።

«ይሂዱ» አልኳቸው፣ «እኔ እይዘዋለሁ።»

ጣቶቼን በጣቶቻቸው መሃል አስገብቼ ገመዱን ተቀበልኳቸው፤ መብራቷ እንዳትጠፋ ቀስ ብለን ነው የተቀያየርነው። ከዚያ ትራሶቹን አንድም ሳልነካ አልጋው እግር ላይ ተደገፍኩ። ገመዱን አጥፌ ያዝኩ። ውጭ ነጋ። ያዝኩት።